ነፍሰ ጡሯና አራሷ ከምግብ ጋር ሲጣሉ፦ ደረጃ በደረጃ ምን ይደረግ?

ነፍሰ ጡር ሴት ምግብ ብትገፋ የሚጠረጥራት የለም፤ «ሽታ ጠልታ ነው» ይባልላታል። ብታስመልስ «የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው፣ ይተዋታል»፤ ከልክ በላይ ብትበላ «ለሁለት ነፍስ ነው»፤ እህል ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትቆይ «ጾመኛ ናት»። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአመጋገብ መታወክ (መብላትንና ስለ ሰውነት ያለን ስሜት የሚያውክ የአእምሮ ሕመም) ያለባት ሴት ከእነዚህ ሰበቦች ጀርባ ወራት ሙሉ ተሸሽጋ ልትቆይ ትችላለች፤ የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላት ባለሙያም ላይጠይቃት ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ሕመሙን ከመደበቂያው ስለ ማውጣት ነው። የምግቡ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከማርገዛቸው በፊት ሕመሙ የነበረባቸው ብዙ ሴቶች በእርግዝና ወቅት ጋብ ይልላቸዋል፤ «ለልጄ ስል» የሚለው ሐሳብ ያግዛቸዋል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ግን ሊያገረሽ ይችላል። በእርግዝና መካከል የሚጀምራቸውም አሉ። በኖርዌይ በ1999 የተጀመረው ሰፊ የእናቶችና የልጆች ጥናት፣ ራስን መቆጣጠር እያቃተ ብዙ መብላት በእርግዝና ጊዜ እንደ አዲስ ሊከሰት እንደሚችል አሳይቷል። ሕመሙ ካልታከመ ደም ማነስን፣ ያለ ጊዜ መውለድን፣ ክብደቱ ያነሰ ሕፃንን እና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴን ሊያስከትል ይችላል። ከታከመ ደግሞ ሊድን ይችላል፤ ጤናማ ልጅ የወለዱና ያሳደጉ ብዙዎች ናቸው።

ሆን ብዬ የተውኩት ነገር አለ። እዚህ «በዚህ ወር ይህን ያህል ኪሎ መጨመር አለብሽ» የሚል ሠንጠረዥ አታገኚም። ይህ ሕመም ያለባት ሴት ቁጥር ባየች ቁጥር ከቁጥሩ ጋር ትደራደራለችና፣ የኪሎው ሒሳብ በባለሙያዋ እጅ ይቆይ።

1. ማቅለሽለሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የእርግዝና ማቅለሽለሽ ያለባት ሴት መብላት ትፈልጋለች፣ ሆዷ እምቢ ይላታል፤ የበላችው ሲወጣባት ታዝናለች። የአመጋገብ መታወክ ያለባት ግን ሲወጣላት ቅልል ይላታል፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን። ይህን ስሜት ከአንቺ በቀር ማንም ሊያየው አይችልም፤ ስለዚህ ለራስሽ በሐቅ መልሺ። ሁለቱ አንድ ላይ ሊኖሩም ይችላሉ፤ እውነተኛው ማቅለሽለሽ ሆን ተብሎ ለሚደረገው ማስመለስ ሽፋን ይሆናል።

የሕመሙ መልክ አንድ አይደለም። አኖሬክሲያ ያለባት ሴት ውፍረትን አጥብቃ ስለምትፈራ ምግብ ትቀንሳለች፤ ሆዷ ሲገፋ ጽንሱ ሳይሆን ስብ የመጣ ይመስላታል። ቡሊሚያ ያለባት በአንድ ጊዜ ብዙ ትበላለች፤ ከዚያም በማስመለስ፣ በሚያስቀምጥ (ተቅማጥ በሚያመጣ) መድኃኒት፣ በጾም ወይም በከባድ እንቅስቃሴ ልታካክሰው ትሞክራለች። የቡሊሚያ ታማሚ ክብደቷ ብዙ ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ስለዚህ ሲያዩዋት አይታወቅባትም። ሦስተኛው ብዙ በልቶ ሳያስመልሱ በኀፍረት መሰቃየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ የወጣ አምስት ጥያቄዎች ያሉት አጭር መለያ አለ፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ሐሳቡ ይህን ይመስላል፦ ከመጠን በላይ ስትጠግቢ ሆን ብለሽ ታስመልሻለሽ? ስንት እንደምትበይ መቆጣጠር አቅቶኛል ብለሽ ትጨነቂያለሽ? በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ኪሎ ያህል ቀንሰሻል? ሌሎች «ከሳሽ» እያሉሽ አንቺ ግን ወፍራም እንደሆንሽ ታምኛለሽ? ምግብ ሕይወቴን ተቆጣጥሮታል ትያለሽ? ሁለቱን «አዎ» ካልሽ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልግሻል። የኪሎው ጥያቄ ለነፍሰ ጡር ብዙም አይሠራም፤ ሌሎቹ አራቱ ግን ይሠራሉ።

አሁን ስለ አምሮት። ጎመን፣ ሎሚ፣ ጥሬ ሥጋ ማማር ሌላ ነው (ጥሬ ሥጋውን ግን እስክትወልጂ ተዪው)። አፈር፣ የሸክላ ስባሪ፣ ከሰል፣ አመድ፣ ጥሬ ሩዝ ወይም የበረዶ ፍንካች ደጋግሞ ማማሩ ፓይካ ይባላል፤ በእርግዝና ጊዜም ያልተለመደ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረትና ከደም ማነስ ጋር አብሮ ይገኛል። ሴቶች በኀፍረት ይደብቁታል እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለውም። አፈሩ ግን የአንጀት ትላትልና እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ማዕድናት ሊኖሩት ይችላል፤ ስለዚህ የደምና የሰገራ ምርመራ ጠይቂ። የሚሰጥሽን የብረት ኪኒን አዘውትረሽ ውሰጂ፤ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው በአብዛኛው በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚሻሙት ከምግብና ከኪኒን ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። የደም ማነሱ ሲታከም አምሮቱ ከብዙዎች ላይ ይጠፋል።

2. ለአንድ ባለሙያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ

ከሁሉም ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ ከባለሙያ ጋር እንድትገናኝ መክሯል፤ በኢትዮጵያም ክትትሉ በዚሁ መንገድ እየተሠራ ነው። ስምንት ዕድል አለሽ ማለት ነው፣ በመጀመሪያው መናገር ግን ይሻላል። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። እንዲህ በያት፦ «ሲስተር፣ ከመመዘኔ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ምግብ በልቼ ሆን ብዬ አስመልሳለሁ። ከማርገዜ በፊትም ነበረብኝ።» አንደበትሽ እምቢ ካለ በወረቀት ጽፈሽ ከክትትል ካርድሽ ጋር አቀብያት። ባለቤትሽ ወይም አማትሽ አብረው ከመጡ «ብቻዬን ልታይ» ማለት መብትሽ ነው፤ ሲስተሯም ይህን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች።

የሚያስመልሱ ሴቶች ፖታሲየማቸው ዝቅ ሊልና የልብ ምታቸው ሊዛባ ስለሚችል፣ የደም ማዕድናት ምርመራና የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ጠይቂ። ጤና ጣቢያው ይህ መሣሪያ ከሌለው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉልሽ። የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን የማያውቅ የለም፤ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። «አማኑኤል ሄደች» የሚለው የሰፈር ወሬ ስንቱን ከሕክምና እንዳስቀረ ቢቆጠር ያስለቅሳል።

በክንድሽ መካከል በሚጠመጠመው ባለ ቀለም ሜትር ብቻ አትተማመኚ። ሜትሩ የምግብ እጥረትን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አያሳይም፤ ቡሊሚያን ደግሞ ጨርሶ ላያየው ይችላል። ውጤቱ ደህና ሆኖ አንቺ ግን በየማታው የምታስመልሺ ከሆነ፣ «ክንዴ ደህና ነው፣ እኔ ግን ደህና አይደለሁም» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ።

ከማርገዝሽ በፊት የጀመርሽው መድኃኒት ካለ በራስሽ አታቁሚ፣ በራስሽም አትቀጥዪ፤ ስሙን ይዘሽ ሂጂ። ለድባቴና ለቡሊሚያ ከሚሰጡት አንዳንዶቹ በእርግዝና ሊቀጥሉ ይችላሉ። ቶፒራሜትን የመሰለው ግን በጽንሱ ላይ የከንፈር መሰንጠቅን ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ማወቅ አለበት። የማክሻ መርፌና ኪኒንም እንዲሁ።

«ብዪ ብቻ፣ ይተውሻል» የምትል ባለሙያ ካጋጠመችሽ ወደ ሌላዋ ሂጂ። ያልሰለጠነችበት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ይህ የአንቺን ሕመም ቀላል አያደርገውም።

3. ጀርባሽን ለሚዛኑ

ሚዛን ላይ ስትወጪ ፊትሽን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባሽን ወደ ቁጥሩ አዙሪ። «ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፉት፣ ለእኔ ግን አትንገሩኝ» በያቸው። ካርዱን ራስሽ ይዘሽ የምትመላለሺ ከሆነ በሌላ ወረቀት እንዲመዘግቡልሽ ጠይቂ። ቤት ያለውን ሚዛን ለጎረቤት አውሺው፤ እስክትወልጂ አትጠይቂ፣ ከወለድሽ በኋላም አትቸኩዪ።

4. በሰዓት ብዪ

በአመጋገብ መታወክ ሕክምና ውስጥ ብዙ ከተሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ በጣም ቀላል ይመስላል፦ በቀን ሦስት ዋና ምግብና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ በመካከላቸው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት። ራብና ጥጋብ ተበላሽተው ሳለ ሆድን መጠየቅ አይሠራምና ሰዓቱ ይዘዝ። ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት ቂንጬ ወይም ዳቦ ከእንቁላል ጋር፣ 4 ሰዓት ሙዝና ቆሎ፣ 7 ሰዓት እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ከጎመን ጋር፣ 10 ሰዓት በሶ ወይም እርጎ፣ ማታ 1 ሰዓት እራት፣ ከመተኛትሽ በፊት አንድ ስኒ ወተት ወይም አጥሚት። የሚያቅለሸልሽሽ ከሆነ መጠኑን አሳንሰሽ ቶሎ ቶሎ ብዪ። ይህን ሁሉ የምታሟሊ ካልሆነ ያለውን በሰዓቱ ብዪ፤ ሽሮ በሰዓቱ ሲበላ፣ ሳይበላ ከሚቀር ክትፎ ይበልጣል።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት አለ። ቀኑን ሙሉ የተራበች ሴት ማታ ትፈነዳለች፤ ከፈነዳች በኋላ ታፍራለች፤ ካፈረች በኋላ ወይ ታስመልሳለች ወይ በማግሥቱ ትጾማለች፤ ያም እንደገና ማታውን ያመጣዋል። ቁርስ የሚበጥሰው ይህን ሰንሰለት ነው።

ከአንድ ትሪ መብላት ደግሞ ለዚህ ሕመም ይመቸዋል። እንጀራው ጥግ ጥጉ ይታጠፋል፣ እጅ ይመላለሳል፤ እሷ ትንሽ ትቆርሳለች፣ ወጡን ትነካካለች፣ ለባሏም ለልጆቹም ለእንግዳውም ታጎርሳለች፤ ገበታው ሲነሳ እሷ ሁለት ጉርሻ እንኳ አልዋጠችም። «አጎረሰችን» ብለው ያመሰግኗታል። ለተወሰኑ ወራት በራስሽ ሳህን ብዪ። ቤተሰብ ቅር ካለው «ሐኪም አዟል» ይበቃል፤ ውሸትም አይደለም። ከበላሽ በኋላ ላለው አንድ ሰዓት ብቻሽን አትሁኚ፦ ቡና አፍልተሽ ለሌሎች ቅጂ፣ ልብስ እጠፊ፣ እህትሽ ጋ ደውዪ። የማስመለስ ፍላጎቱ እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለሳምንታት እጅግ ጥቂት በልታ ክፉኛ የከሳች ሴት ድንገት በገንፎና በቅቤ ብትሞላ የደሟ ማዕድናት ተናግተው ለሕይወቷ ሊያሰጋት ይችላል። እንዲህ ያለችው አመጋገቧን በሆስፒታል ክትትል ነው የምትጀምረው።

5. ካስመለስሽ በኋላ

ጥርስሽን ወዲያው አትፋቂ፤ የሆድ አሲድ ያለሰለሰውን የጥርስ ልባስ ብሩሹ ይፍቀዋል። አፍሽን በውኃ፣ ቢቻል ትንሽ የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ተጉመጥመጪ፤ ብሩሹ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ከዚያ ቀጣዩን ምግብ በሰዓቱ ብዪ። «ዛሬ አበላሽቻለሁ» ብለሽ ቀኑን አትጣዪው።

ሆድ ማጠቢያ ተብሎ የሚጠጣ ኮሶም ሆነ እንቆቆ፣ የማቅጠኛ ሻይ፣ የሚያስቀምጥ ኪኒን፣ የሽንት መድኃኒት በእርግዝና አይነካም። ኮሶ መርዝነት አለው፤ ለጽንሱም ያሰጋል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ስትወስጂ ኖረሽ ስታቆሚ እግርሽና ሆድሽ ለጥቂት ቀናት ሊያብጥ ይችላል፤ ውኃ ነው፣ ያልፋል። እብጠቱን አይተሽ ግን ወደ መድኃኒቱ አትመለሺ፤ ለሐኪምሽ ንገሪ። በእርግዝና ወቅት የፊትና የእጅ እብጠት ከራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት መታየት አለብሽ።

6. ጾሙን ከሕመሙ ለዪ

ይህን ጥያቄ ለራስሽ አቅርቢ፦ ነገ ጾሙ ቢፈታ ደስ ይልሻል ወይስ ትደነግጫለሽ? የምትደነግጪ ከሆነ ሕመሙ የጾም ልብስ ለብሷል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በንስሐ አባቷ ምክር ከጾም የምትፈታበት ሥርዓት አለ፤ ስለዚህ ንስሐ አባትሽ እርግዝናውን ብቻ ሳይሆን ሕመሙንም ይወቁ፤ «አባ፣ ጾሙ ያመኛል» ብቻ ብትያቸው የእግዜር ፈቃድ ነው ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። በእስልምናም ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ረመዳንን ማፍጠር ተፈቅዶላታል፤ ያለፈውን እንዴት እንደምታካክስ ዑለማ ትጠይቃለች። ከሥጋና ከወተት መከልከሉን የምትፈልጊ ከሆነ ቢያንስ ቁርሱን አትተዪ፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ በየሰዓታቸው ይበሉ፣ ኪኒኖቹም አይቋረጡ።

7. አራስ ቤቱን ከመውለድሽ በፊት አዘጋጂ

አራስነት የሚያገረሽበት ጊዜ ነው ብያለሁ። እንቅልፍ የለም፣ ሰውነት የራስ አይመስልም፣ ቤቱ በገንፎ፣ በአጥሚትና በዶሮ ሽታ ተሞልቷል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የገባ ሁሉ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሰውነትሽ ነው፤ አንዱ «አምሮብሻል፣ ወፍረሻል» ይላል፣ ሌላው «ምነው ከሳሽ፣ አያበሉሽም እንዴ?»። ሁለቱም በፍቅር ነው፤ ሁለቱም ይጎዱሻል።

በስምንተኛው ወር ላይ የምታምኛትን አንዲት ሰው፣ እናትሽን ወይም እህትሽን፣ በር ጠባቂ አድርጊ። ሥራዋ ሁለት ነው፦ እንግዳ ስለ ሰውነትሽ ሲያወራ ወሬውን ወደ ሕፃኑ ማዞር፣ ምግብሽን በትንሽ በትንሹ በሰዓቱ ማቅረብ። የገንፎው ጎድጓዳ ሳህን ቅቤው መሀሉ ላይ እያበራ ሙሉውን ፊትሽ ከሚቀመጥ፣ በትንሽ ሳህን ተቀንሶ ይምጣ፤ ቀሪው ጓዳ ይቆይ። ማገርሸቱን የምታውቂባቸውን የራስሽን ምልክቶችም ጽፈሽ ስጫት፦ ምግብ መደበቅ፣ ከበሉ በኋላ መታጠቢያ ቤት መቆለፍ፣ መቀነትን ከልክ በላይ ማጥበቅ።

በውጭ አገር ያለሽ ከሆነ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል፤ ገንፎ የሚያገነፋ የለም፣ ስልኩ ግን በወለዱ በወሩ የቀጠኑ ሴቶችን ፎቶ ያዥጎደጉዳል። እነዚያን ገጾች ዝጊያቸው። በአሜሪካ 1-833-852-6262 ለነፍሰ ጡሮችና ለወላዶች የተዘጋጀ ነጻ የአእምሮ ጤና መስመር ነው፤ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችያለሽ። በእስራኤል ሕፃኑን የምትወስጂበት የቲፓት ሃላቭ (የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ) ነርስ ስለ አንቺም ትጠይቅሻለች፤ የምትጠይቅሽን በሐቅ መልሺላት።

8. ጡት ማጥባትና ምግብ

ጡት ማጥባት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ አንዳንድ እናቶች ይህን እንደ ማክሻ ይቆጥሩታል። ምግብ እየቀነሱ ማጥባት ግን የወተቱን መጠን ሊያሳንስ፣ እናቲቱንም ሊያደክማት ይችላል። በተቃራኒው «ለማጥባት ስል» ብለው ደህና ሲበሉ የቆዩ እናቶች ጡት ሲያስጥሉ ወደ ሕመሙ ሊመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ ከማስጣልሽ በፊት ለሐኪምሽ ቀጠሮ ያዢ። ማጥባት ጭንቀቱን ካባባሰብሽም ያንኑ ተናገሪ፤ አማራጮች አሉ።

9. ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ባሎች፣ እናቶችና አማቶች፣ «ብዪ፣ ብዪ» አይሠራም። ሳህኗን አትቁጠሩባት፣ መታጠቢያ ቤት አትከተሏት፣ ስለ ሰውነቷ ክፉም ደግም አትናገሩ። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ብሉ፣ ስለ ሌላ ነገር አውሩ፣ ክትትል ስትሄድ ሸኟት፣ ሕፃኑን ተቀብላችሁ አስተኟት። «እንዲህ ስትሆኚ እፈራለሁ፤ አብረን ሐኪም ጋ እንሂድ» የምትል ዓረፍተ ነገር ከመቶ ምክር ትሻላለች።

10. ሳትዘገዩ የምትሄዱበት ጊዜ

ራሷን ስታ ከወደቀች፣ የልብ ምቷ ያለ ምክንያት ከተዛባ፣ ደም ካስመለሰች፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ካላት፣ ከማሕፀን ደም ከፈሰሳት፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወይም ራሷን አልያም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ቀጠሮ አይጠበቅም። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በአሜሪካ ለአስቸኳይ ሕክምና 911፣ ለሕይወት ማጥፋት ሐሳብ ደግሞ 988 ይደወላል። ከወለደች ሁለት ሳምንት አልፎ ማልቀሱና ተስፋ መቁረጡ ካልተዋት የድባቴ ምርመራ ያስፈልጋታል፤ አሥር ጥያቄዎች ያሉት የኤደንብራ መጠይቅ በብዙ አገሮች ለዚህ ይውላል።

11. ስድስተኛው ወር

ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ ለአንዳንድ እናቶች ይህ ሳይታሰብ ከባድ ይሆናል። አጥሚቱ ልብሱ ላይ ይፈስሳል፣ ሕፃኑ ማንኪያውን ይገፋል፣ ወይም ጠግቦ አፉን ይዘጋል። ምግብን በጥብቅ ስትቆጣጠር የኖረች እናት መዝረክረኩን ትጠላለች፣ ጉንጩ ሲሞላ ትሰጋለች፣ ሳታውቀው መጠኑን ትቀንስበታለች፤ ወይም በፍርሃት ታስገድደዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌላ ሰው አብሮሽ ይቀመጥ፤ አንዳንዱን ምግብ አባቱ ያብላው። ክብደቱን አንቺ አትገምቺ፤ የክትባትና የእድገት ክትትል ካርዱ ላይ ያለውን መስመር ነርሷ ታንብብልሽ። በዚያው ዕለት ስለ ራስሽም እንድትጠይቅሽ ለነርሷ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ለራስሽም የተለየ ቀጠሮ አስይዢ።